መጽሐፉ ወደ ልጁ ሲሄድ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



  የዛሬውን ርዕስ የመረጠችልን በአዊ ዞን ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር የምትኖር አንዲት እናት ናት። መልእክቷን የጻፈላት የጎረቤት ልጅ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። መድረሳ የተማረቻቸውን አጫጭር ሱራዎች አሳምራ ትቀራለች። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ስትይዝ ግን ጣቷን በየፊደሉ ላይ እያሳረፈች ገጹን ሳታጋምስ ይደክማታል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አባቷ ከገበያ የሚገባው መሽቶ ነው። ቤታችን ከቁርአን ሌላ ያለው መጽሐፍ እሷ ከጓደኛዋ ጋር በየተራ የምትይዘው ብቻ ነው። ልጄ ሰነፍ ሆና ነው ወይስ እኔ ያጎደልኩባት ነገር አለ?»

እህታችን ሆይ፣ ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም። አንቺም ሆን ብለሽ ያጎደልሽባት ነገር የለም። የጎደለው የሚነበብ ነገር ነው። ይህ ጉድለት ያንቺ ቤት ብቻ አይደለምና፣ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ማንበብ እንዴት ይለመዳል?

የአማርኛ ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ፐ» 33 ሲሆን እያንዳንዱ ሰባት ቤት አለው። ዲቃላዎቹን ሳንጨምር 231 ቅርጽ መሆኑ ነው። አንድ ልጅ ይህን ሁሉ መለየት ከቻለ ትልቅ እርምጃ ተራምዷል። ነገር ግን ፊደል መለየትና ማንበብ አንድ አይደሉም። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ የሚሄድ ልጅ የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል። ስለዚህ ድምፁን ያወጣዋል እንጂ ትርጉሙ አይገባውም። ያልገባው ነገር ደግሞ አያስደስተውም። የማያስደስተውን ነገር ደግሞ ደጋግሞ አይሠራውም።

ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው አንድ መንገድ ነው፤ እሱም ብዙ ቀላል ነገር፣ ደጋግሞ፣ ወዶ ማንበብ። ዐይኑ ቃሉን እንደ ፊት አይቶ መለየት እስኪችል ድረስ ማለት ነው። ልጅሽ ሱራዎቹን አሳምራ የቀራችው ለምን ይመስልሻል? በየቀኑ ስለደጋገመቻቸው፣ ኡስታዙም ስለሚሰማት ነው። የአማርኛውንም ንባብ እንዲሁ የምትደጋግምበት ነገርና የሚሰማት ሰው ብታገኝ ከዚያ አታንስም ነበር። በዓመት አንድ የትምህርት መጽሐፍ፣ ያውም ለሁለት፣ ለዚህ አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ ያቃታቸው ብዙ ልጆች መገኘታቸው ይታወቃል። ከታች ያልተጠገነ ነገር ከላይ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው። ሆኖም አራተኛ ክፍል ላይ ገጽ ማንበብ የከበደው ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የፊዚክስና የታሪክ ጥያቄ አንብቦ እንዲረዳ መጠበቅ ይከብዳል።

ልጁ ወደ መጽሐፍ ይሄድ ነበር

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የእኛ አባቶች የመጽሐፍን ችግር ያውቁታል። የወሎን የዒልም ማዕከላት፣ እነ ዳናን፣ እነ ገታን፣ እነ ጀማ ንጉሥን አስታውሱ። ነሕው ለመቅራት ወደ አንዱ ሸህ፣ ፊቅህ ለመቅራት ወደ ሌላው እየተጓዘ፣ በየሰፈሩ ምግብ እየለመነ የሚማር ደረሳ ነበር። ኪታቡ የሚገኘው ሸሁ ዘንድ በመሆኑ፣ ደረሳው ወይ በቃሉ ይይዘዋል ወይ በእጁ ይገለብጠዋል። በሐረርም እስከ ዛሬ ተጠብቀው የሚገኙት የእጅ ጽሑፎች የዚያ ዘመን ድካም ምስክሮች ናቸው። በሙስሊሙ ዓለምም ሰዎች መሬትና ሱቅ ወቅፍ እንደሚያደርጉ ሁሉ ኪታብም ለመስጂድና ለመድረሳ ወቅፍ ያደርጉ ነበር። መጽሐፍ የገዛው ሰው ከሞተ በኋላም የሚነበብ ሰደቀቱን ጃሪያ ነው።

ያ ሥርዓት ለትልቅ ደረሳ ይሆናል። የስምንት ዓመት ሕፃን ግን ስንቅ ቋጥሮ መጽሐፍ ፍለጋ አይወጣም። እሱ ወደ መጽሐፉ መሄድ ካልቻለ መጽሐፉ ወደ እሱ መሄድ አለበት። ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ይኸው ነው።

በእንስሳት ጀርባ የተጓዙ መጻሕፍት

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ዋሪንግተን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ መጽሐፍ የጫነ የፈረስ ጋሪ በየመንደሩ መዞር ጀምሮ ነበር። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚቀርበን የኬንተኪ ታሪክ ነው። በአሜሪካ ትልቁ የኢኮኖሚ ቀውስ በደረሰበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1943፣ መንገድ ባልገባባቸው የኬንተኪ ተራሮች ሴቶች በፈረስና በበቅሎ መጽሐፍ ጭነው ከጎጆ ጎጆ ይዞሩ ነበር። የወር ደመወዛቸው 28 ዶላር ነበር፤ የሚከፍለውም መንግሥት ነው። መጻሕፍቱን ግን መንግሥት አልገዛላቸውም፤ ከሰው የተለገሱ አሮጌዎች ነበሩ። መጽሐፉ ሲቀዳደድ የደህናውን ገጽ እየቆረጡ፣ ከጋዜጣ እየለጠፉ፣ የየአካባቢውን ሴቶች የባልትና ሙያ እየጻፉ በእጃቸው አዲስ መጽሐፍ ይሠሩ ነበር። ይህቺን ነገር ልብ በሏት፤ ወደ አዊ ስንመጣ እንመለስባታለን።

በጎረቤታችን በኬንያ ጋሪሳ እ.ኤ.አ. በ1996 የአገሪቱ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት በሦስት ግመሎች ሥራ ጀመረ። መጻሕፍቱ በሣጥን ተጭነው፣ ልጆቹ የሚቀመጡበት ድንኳንም አብሮ ተጭኖ ይጓዛል። የአካባቢው ነዋሪ በአብዛኛው አርብቶ አደር ሙስሊም ነው። ሕዝቡ ከከብቱ ጋር ስለሚንቀሳቀስ፣ ቤተ መጻሕፍቱም ተከትሎት እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። በኮሎምቢያ ደግሞ ሉዊስ ሶሪያኖ የተባለ መምህር በ70 መጻሕፍትና በሁለት አህዮች ጀምሮ ስሙ በዓለም ታውቋል።

በአገራችን የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። የነገሌ ቦረና ተወላጅ ናቸው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጪ የሆነ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት 19 ዓመት ሲሞላቸው እንደነበር ተናግረዋል። በደርግ ዘመን ተሰደው አሜሪካ ገቡ፤ እዚያም የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምረው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠሩ። በሥራቸው ላይ እያሉ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሰጥ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። ከዚያ በኋላ ባልደረቦቻቸውን አስተባብረው ድርጅት መሠረቱ፣ መጻሕፍት ይዘውም ወደ አገራቸው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በሐዋሳ በአህያ ጋሪ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ጋሪው ሰፈር ውስጥ ሲቆም ጎኑ ይከፈታል፤ መደርደሪያው ይታያል፤ አግዳሚ ወንበር ይዘረጋል፤ ልጆቹም እየሮጡ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መርጧቸዋል። ድርጅታቸው በኋላ በከንባታ አካባቢ በፈረስ የሚጓዝ የንባብ ሥራም ሠርቷል።

በሶማሌ ክልልም ሴቭ ዘ ችልድረን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በግመል መጽሐፍ ያዞር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት 26 ሚሊዮን ገደማ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቤት በዋሉበት ጊዜ ግመሎቹ መንገዳቸውን አላቋረጡም። አንድ ግመል በእንጨት ሣጥን እስከ 200 የተረት መጽሐፍ ይጭን ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህሩም፣ ሰሌዳውም፣ ደወሉም ይቀራሉ። መጽሐፍ ግን ልጁ እጅ ላይ ከገባ አብሮት ይቆያል።

የፈረስ አገር

አሁን ወደ ጠያቂያችን ቀዬ ወደ አዊ እንምጣ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የዞኑን ነዋሪ አንድ ሚሊዮን ገደማ አድርሶታል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል የሄደ ሰው እንጅባራንና ዳንግላን ያውቃቸዋል፤ አስፋልቱ መሐላቸውን ሰንጥቆ ያልፋል። ከአስፋልቱ ሲወጡ ግን ክረምት ላይ ጭቃው መኪና አያስኬድም። ባጃጁ የሚደርሰው እስከ ተወሰነ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እግርና ፈረስ ነው።

ፈረስ በአዊ ክብር ነው። ለሠርጉም፣ ለለቅሶውም፣ ለጭነቱም ይፈለጋል። የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው በዓሉ ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ ማየት ያስደንቃል። የአባላቱ ቁጥር ከ60,000 በላይ እንደሆነ ይነገራል። ኬንተኪዎች ፈረስ ነበራቸው፤ አዊም አለው። ጋሪሳዎች የእንጨት ሣጥን ሠሩ፤ እንጅባራ የቀርከሃ አገር ናት፤ ከቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሏት። በፈረስ ጎንና ጎን የሚንጠለጠል፣ በላስቲክ የተሸፈነ የቀርከሃ ሣጥን ለመሥራት ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የቋንቋ ነገር ነው። ከአዊ ልጆች ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ፣ ባለቤቶቹ አውኚ በሚሉት ቋንቋ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኋላ 15 ቋንቋዎችን ሲያዳርስ አዊኛ አልነበረበትም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ቋንቋው ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ፤ አልሐምዱ ሊላህ፣ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በዩኤስኤይድ ድጋፍ በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁም አዊኛ ከሰባቱ ውስጥ አልተቆጠረም። ዩኤስኤይድም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል። ከሩቅ የሚመጣ ርዳታ ሲመጣ ጥሩ ነው። የልጅን ንባብ በእሱ ላይ ብቻ ጥሎ መቀመጥ ግን አይበጅም።

እዚህ ላይ ነው የኬንተኪ ሴቶች የሚያስፈልጉን። በአዊኛ የታተመ የልጆች ተረት እንደልብ ካልተገኘ፣ ተረቱ ራሱ ግን በየቤቱ አለ፤ አያቶች ያውቁታል። እንጅባራ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲም ያላት ከተማ ናት። ክረምት ላይ ወደ ቤቱ የሚመለስ አንድ ተማሪ ከአያቱ አፍ አንድ ተረት ሰምቶ በደብተር ላይ በትልልቅ ፊደል ቢጽፈው፣ ታናሽ ወንድሙ ሥዕል ቢሥልበት፣ ዳሩን በላስቲክ ቢለብጡት አንድ መጽሐፍ ሆነ። አንዱን ገጽ በአዊኛ፣ ፊት ለፊቱን በአማርኛ ቢያደርጉት ደግሞ ለሁለት ቋንቋ አገልጋይ ይሆናል። ሃምሳ ተማሪዎች ቢያደርጉት ሃምሳ መጽሐፍ ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ከየአገሩ ልምድ የምንማራቸውን ነገሮች ባጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ቀኑና ቦታው አይቀያየር። ሣጥኑ ቅዳሜ ከሰዓት ዋርካው ሥር ይመጣል ከተባለ ዝናብም ቢሆን ይምጣ። ልጅ አንዴ ጠብቆ ካጣው ሁለተኛ አይጠብቅም። የገበያ ቀን መምረጥ ይጠቅማል፤ በዚያ ቀን ሰውም ጭነትም ይንቀሳቀሳልና።

ሁለተኛ፣ ሣጥኑ ትንሽ ይሁን። አምስት ሣጥን፣ በእያንዳንዱ 40 መጽሐፍ አድርጎ ለአምስት መንደር መስጠትና በየወሩ ማለዋወጥ ይቻላል። እያንዳንዱ መንደር በአንድ ጊዜ የሚይዘው 40 ቢሆንም በአምስት ወር 200 መጽሐፍ አየ ማለት ነው። ሁለት መቶ መጽሐፍ አንድ ቦታ ቆልፎ ከማስቀመጥ ይህ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የሚያነብላቸው ሰው ይኑር። መጽሐፍ ብቻውን ልጅ አያስተምርም። ስምንተኛ ክፍል የደረሰች አንዲት ልጅ ጮክ ብላ ብታነብላቸው፣ ትንንሾቹም እየተከተሉ ቢደግሙላት ይበቃል። የቤቱ ሰው ፊደል ባያውቅም ይስማ። አያት ቁጭ ብለው «እስቲ ይህ ሰውዬ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ ልጁ ያነበበውን ለመረዳት ይገደዳል።

አራተኛ፣ መዝገብ ይኑር፤ ማን ወሰደ፣ መቼ ይመልሳል የሚል። ነገር ግን መጽሐፍ ይጠፋል ብሎ መቆለፍ አይገባም። በየትምህርት ቤቱ መጽሐፍ እንዳይቀደድ ተብሎ በቁልፍ ተዘግቶ አይጥ የጨረሰው ካርቶን ያየን ሰዎች ብዙ ነን። የእኔም ልጅነት ከዚህ አያመልጥም፤ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ሙሉ መጽሐፍ ነበረው፤ በስምንት ዓመት ውስጥ በሩ ተከፍቶ ያየሁት ለእንግዳ ሁለት ጊዜ ነው። እየተነበበ የተቀደደ መጽሐፍ ግን ሥራውን ሠርቶ ነው ያረጀው፤ ሰፍቶ መመለስ ይቻላል።

አምስተኛ፣ ሣጥኑ የሰፈሩ ሁሉ ይሁን። በአዊ እኛ ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ነን። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በዕድርም በገበያም አብረን እንኖራለን። ልጆቻችን አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። የሃይማኖት ትምህርቱን እያንዳንዱ በየቤቱና በየመድረሳው ይማር። የተረቱ፣ የሳይንሱ፣ የጤናው መጽሐፍ ግን የሁሉም ልጅ ነው። ሣጥኑ ሐሙስ መድረሳ፣ ቅዳሜ ትምህርት ቤት አጠገብ ቢቆም ማንም አይጎዳም፤ ሁሉም ይጠቀማል።

ስድስተኛ፣ ሴት ልጆችን አስቡ። ወንዱ ከብት ሲጠብቅ መጽሐፉን በኬሻ ይዞ ሊወጣ ይችላል። እሷ ግን ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ወንድሟን አዝላ እስክትጨርስ ሣጥኑ ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል። የመጽሐፉ ሰዓት ከእሷ ሥራ ጋር ይስማማ፤ ወይም የአንድ ሰዓት ሥራዋን ሌላው ይካፈላት።

ስለ ጊዜው አንድ ቃል

ይህን ስንል የአገሩን ሁኔታ ረስተን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ሥራ ያቋረጡበት ጊዜ አልፏል። ከክፍል የራቁ ልጆችም ቁጥራቸው በሚሊዮን ተቆጥሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማንም ልጁን ለመጽሐፍ ብሎ ወደ አደጋ አይላክ፤ ነፍስ ይቀድማል። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ ሣጥኑ የቆመበት ቤት ይቆይ፤ የዚያ ግቢ ልጆች ደጋግመው ያንብቡት። አንድ ዓመት ከክፍል የራቀ ልጅ እያነበበ ከቆየ ሲመለስ ከጓደኞቹ ብዙ አይርቅም። ፊደል ከረሳ ግን መመለሱ ራሱ ያሳፍረዋል፤ ብዙዎችም የሚቀሩት በዚህ ነው።

ለእህታችን

እህታችን፣ አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ከነገ ጀምሮ ልታደርጊ የምትችይው ነገር አለ። ልጅሽ ማታ ከመግሪብ በኋላ የትምህርት መጽሐፏን አንድ ገጽ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፤ ያንኑ ገጽ ሦስት ቀን ትድገመው። አንቺ ፊደሉን አለማወቅሽ አያሳፍርሽ። ሥራሽ መስማትና «ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ጣቷን ከገጹ ላይ ስታነሣ ታያለሽ፣ ኢንሻአላህ። እናትሽ በሕይወት ካሉ አንድ ተረት ይንገሯት፤ ይህን መልእክት የጻፈልሽ የጎረቤት ልጅ በደብተር ይጻፍላት። የመጀመሪያው መጽሐፏ እሱ ይሆናል።

ሌሎቻችሁ አድማጮች፣ በአዲስ አበባም፣ በባሕር ዳርም፣ በውጭ አገርም ያላችሁ የአዊ ልጆች፣ ቤታችሁ ልጆቻችሁ አልፈዋቸው አቧራ የጠጡ መጻሕፍት ካሉ ቁጠሯቸው። አርባ ከሆኑ አንድ ሣጥን ናቸው። አርባ ካልሞሉ ከጎረቤት ጋር ሙሏቸው። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አይጠፋም። የመጀመሪያው የወሕይ ትእዛዝ ስለ ማንበብ እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። ከዳንግላ ወጣ ብሎ ጣቷን ፊደል ላይ አሳርፋ የምትጠብቅ ልጅ ደግሞ እሱን ትእዛዝ ለመፈጸም የጎደላት ፈቃድ አይደለም፤ የሚነበብ ነገር ነው።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ከሚያገኙትና ከሚያስገኙት ያድርገን።